የዮሐንስ ቡንያን ሕይወትና ዳኞች ያልመረመሩት አቤቱታ

አንባቢ ሆይ፥ ሰው በተበደለ ጊዜ ወደ ዳኛ ይጮኻል፤ ዳኛው ፍርድ ቢያጓድልበትም ወደ በላይ ዳኛ ይግባኝ ይላል። የበላዩ ዳኛ ነገሩን መርምሮ ቢፈርድበት እንኳ፥ ነገሩ ስለ ታየለት ልቡ ጥቂት ያርፋል። ነገር ግን የበላዩ ዳኛ አቤቱታውን ሳይመረምር ቢመልሰው ያ ሰው ወዴት ይሂድ? ተስፋ ቆርጦ ይቀመጥን? ዳኞችን ይርገምን? ወይስ ከእስራት ለመውጣት ሲል እውነቱን ይካድን? ይህን ጥያቄ በቃል ብቻ ከመመለስ፥ በኑሮው የመለሰውን የአንድ ሰው ታሪክ ማየት ይሻላል። እርሱም የክርስቲያንን ጉዞ የሚናገረውን መጽሐፍ የጻፈው እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቡንያን ነው። መጽሐፉ በአማርኛም ተተርጉሟልና ስሙን ሳትሰማ አትቀርም። ሚስቱ ስለ እርሱ በዳኞች ፊት እንዴት እንደ ቆመችና እንዴት ባዶ እጅዋን እንደ ተመለሰች የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመህ አስተውል።

ቡንያን በ1628 ዓ.ም. በቤድፎርድ ከተማ አጠገብ ባለችው በኤልስቶ መንደር ተወለደ። አባቱ የተበሳ ድስትና የናስ ዕቃ እየጠገነ የሚያድር ሰው ነበረ፤ ልጁም ያንኑ ሙያ ተማረ። እንዲህ ያለው ጠጋኝ መሣሪያውን ተሸክሞ ከመንደር ወደ መንደር ይዞር ስለ ነበረ በመኳንንቱ ዘንድ የተናቀ ነበረ። በአገራችንም ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ስንት ዘመን እንደ ተሰደቡ፥ ዳግማዊ ምኒልክም ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል እንደ ደረሱ እናውቃለንና፥ ይህን ለማስተዋል አይቸግረንም።

በ1644 ዓ.ም. እናቱና እኅቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ሞቱበት። በዚያው ዓመት ገና በ16 ዓመቱ፥ ንጉሡንና ምክር ቤቱን ባጣላው ጦርነት በምክር ቤቱ ወገን ወታደር ሆነ። ከጦር ከተመለሰ በኋላ እንደ እርሱ ድኃ የሆነች ሴት አገባ። ጎጆ ሲወጡ ሳህንና ማንኪያ እንኳ የሚበቃ አልነበራቸውም፤ እርስዋ ግን ከአባትዋ የወረሰቻቸውን ስለ እግዚአብሔር ፍርሃት የሚያስተምሩ ሁለት መጻሕፍት ይዛ መጣች። በ1650 ዓ.ም. የተወለደችው የመጀመሪያይቱ ልጃቸው ማርያም ዓይነ ስውር ነበረች።

በጕልማሳነቱ መሐላና ስድብ የለመደ፥ ጨዋታም የሚወድ ሰው ነበረ። አንድ ቀን በቤድፎርድ ለሥራው ሲዞር፥ ጥቂት ድኆች ሴቶች በደጅ ፀሐይ እየሞቁ እግዚአብሔር በነፍሳቸው ስላደረገው ሥራ ሲነጋገሩ ሰማ። እርሱ ስለ ሃይማኖት መናገርን ያውቅ ነበረ፤ እነርሱ ግን የሚናገሩት የቀመሱትን ነበረ። ይህ ነገር ልቡን ወጋው። ከብዙ ዓመት ጭንቀትና ጥርጥር በኋላ በክርስቶስ ጽድቅ ዐርፎ ከእነዚያ ሴቶች ማኅበር ጋር ተባበረ፤ ከ1655 ዓ.ም. ገደማም ጀምሮ ወንጌልን መስበክ ጀመረ። ሚስቱ በ1658 ዓ.ም. አራት ልጆች ትታ ሞተች፤ በሚከተለውም ዓመት ኤልሳቤጥ የምትባል ወጣት ሴት አገባ። አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ሴት ልብ በላት፤ የታሪካችን ፍሬ በእርስዋ ዘንድ ነውና።

በ1660 ዓ.ም. ዳግማዊ ቻርልስ ወደ አባቱ ዙፋን ተመለሰ። ሹማምንቱም ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ የአመፅ መጀመሪያ እንዳይሆን ስለ ፈሩ፥ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በ1593 ዓ.ም. የወጣውን አሮጌ ሕግ እንደ ገና አነሡ። ኅዳር 12 ቀን 1660 ዓ.ም. ቡንያን በአንድ የገጠር ቤት ሊሰብክ በተዘጋጀ ጊዜ፥ የመያዣ ትእዛዝ እንደ ወጣበት ወዳጆቹ አስቀድመው ነገሩትና ስብሰባውን እንዲበትን ለመኑት። እርሱ ግን ሰባኪው ቢሸሽ አዲሶቹ ምእመናን ይደነግጣሉ ብሎ ስለ አሰበ እንቢ አለ፤ ከመጽሐፍ ቅዱሱም ጋር ተያዘ።

በጥር ወር 1661 ዓ.ም. ኪሊንግና ሌሎች የአውራጃው ዳኞች ፊት ቀረበ። ክሱም ወደ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፥ ያልተፈቀደም ስብሰባ ያደርጋል የሚል ነበረ። ቡንያን ከወንድሞቹ ጋር ለጸሎትና ለምክር መሰብሰቡን አልሸሸገም። ምስክር ሳይቆምበት፥ ይህ አነጋገሩ ብቻ በደልን እንደ ማመን ተቈጥሮ ተጻፈበት። የተፈረደበትም እንዲህ ነበረ፤ ሦስት ወር ይታሰር፥ ከዚያም በኋላ ስብከቱን ካልተወ ከአገር ይውጣ፥ ሳይፈቀድለት ቢመለስ ይሰቀል የሚል ነው።

ሦስቱ ወር በተፈጸመ ጊዜ ኮብ የሚባለው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወደ ወኅኒ ሄዶ፥ በግልጥ መስበክን ቢተው እንደሚሻለው በለሰለሰ ቃል መከረው። ቡንያን ንጉሡን እንደሚያከብር፥ ሕጉ የሚያመጣበትንም ቅጣት በትዕግሥት እንደሚቀበል፥ ነገር ግን የተሰጠውን አደራ መጣል እንደማይችል መለሰለት። በዚያው ወራት፥ በሚያዝያ 1661 ዓ.ም.፥ ስለ ንጉሡ ዘውድ መጫን ለእስረኞች ምሕረት ታወጀ። ሆኖም የተፈረደበት ሰው ምሕረቱን ለማግኘት የምሕረት ደብዳቤ ማስወጣት ነበረበትና፥ ቡንያን እንደ ተፈረደበት ስለ ተቈጠረ በሩ አልተከፈተለትም።

በዚህ ጊዜ ኤልሳቤጥ ተነሣች። ባልዋ በተያዘ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከድንጋጤዋ የተነሣ ቀንዋ ሳይደርስ ምጥ ያዛት፥ ስምንት ቀንም ተጨንቃ የወለደችው ሕፃን ሞተ። ቤትዋ ውስጥ የእንጀራ ልጆችዋ የሆኑ አራት ልጆች አሉ፤ አንዲቱ ዓይነ ስውር ናት፤ የሚተዳደሩትም ምእመናን በሚሰጡአቸው ምጽዋት ነው። ይህች ሴት አቤቱታዋን ይዛ ወደ ለንደን ወጣችና በመኳንንቱ ምክር ቤት ላለ አንድ ጌታ ሰጠች። እርሱም ከሌሎች ጋር ተመካክሮ፥ ነገሩ በሚመጣው ችሎት ለሚቀመጡት ዳኞች እንደ ተተወ ነገራት። በእንግሊዝ አገር የንጉሡ ታላላቅ ዳኞች በየጊዜው ከለንደን ወጥተው በየአውራጃው እየዞሩ ያስችሉ ነበርና፥ እርስዋም ተስፋዋን በእነርሱ ላይ ጣለች።

በነሐሴ ወር 1661 ዓ.ም. ማቴዎስ ሄልና ትዊስደን የተባሉ ሁለት ዳኞች ወደ ቤድፎርድ መጡ። ሄል በሕግ ዕውቀቱ የታወቀ፥ እግዚአብሔርንም በመፍራቱ የተመሰገነ ሰው ነበረ። ኤልሳቤጥ ባልዋ ቀርቦ ነገሩ እንዲሰማለት የሚለምነውን ወረቀት መጀመሪያ ለእርሱ ሰጠችው። በርኅራኄ ተቀበላትና የሚቻለውን ያህል እንደሚያደርግ፥ ነገር ግን ምንም ለማድረግ እንዳይቸግረው እንደሚፈራ ነገራት። በማግሥቱ ወረቀቱ እንዳይረሳ ብላ ሌላውን በትዊስደን ሠረገላ ውስጥ ጣለችለት። እርሱ ተቈጥቶ፥ ባልዋ የተፈረደበት ሰው እንደ ሆነና ዳግመኛ እንዳይሰብክ ቃል ካልገባ በቀር እንደማይፈታ ገለጠላት። እርስዋም እንደ ገና ሄል በችሎት ወንበር ተቀምጦ ሳለ ቀረበች። ሊሰማት የወደደ በመሰለ ጊዜ ቼስተር የሚባል የአውራጃው ዳኛ ጣልቃ ገብቶ፥ ሰውዮው በችሎት የተፈረደበትና የጋለ ሰባኪ እንደ ሆነ አስታወቀ። ሄልም ተዋት።

ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው ወደ ቤቱ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን የአውራጃው ሹም አበረታታት፤ ዳኞቹም ከከተማው ከመሄዳቸው በፊት ስዋን በሚባለው የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ከብዙ መኳንንት ጋር ሳሉ፥ ፊትዋ አፍሮ ልብዋ እየተንቀጠቀጠ ገባች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገርዋን በማስተዋል ስማ። ከመለመን አስቀድማ የሕግ ነገር ተናገረች። ባልዋ የተያዘው ስብሰባውን የሚከለክል አዋጅ ሳይወጣ እንደ ሆነ፥ ክሱም ሐሰት እንደ ሆነ፥ በደለኛ ነህን ተብሎ በቀጥታ ሳይጠየቅና በደሉን ሳያምን እንደ ተፈረደበት አስረዳች። ቼስተር ግን ፍርዱ በመዝገብ እንደ ተጻፈ ደጋግሞ ከመናገር በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። እርስዋ የምትጠይቀው የተጻፈው እውነት እንደ ሆነ እንዲመረመር ነው፤ እርሱ የሚመልስላት ተጽፎአል ብቻ ነው።

ትዊስደን ባልዋ ስብከቱን ይተው እንደ ሆነ ጠየቃት። መናገር እስከሚችል ድረስ ሊተወው እንደማይደፍር መለሰች። አስተውል፤ በዚያ ቀን የባልዋ መፈታት በአንዲት የሐሰት ተስፋ ላይ የቆመ ይመስል ነበረ። እሺ ይተዋል ብትል ምናልባት በዚያው ማታ አብሮአት ይገባ ነበረ። እርስዋ ግን ባልዋን በሐሰት ልትገዛው አልወደደችም። ከዚያም በኋላ የልጆችዋን ነገር ተናገረች። ሄል ወጣትነትዋን አይቶ በአራቱ ልጆች ተደነቀ፤ የእንጀራ እናታቸው እንደ ሆነችና ሕፃንዋ እንዴት እንደ ሞተ በሰማ ጊዜ አዘነላት። ትዊስደን ግን ድኽነትዋን እንደ መሸፈኛ አድርጋ እንደምታቀርብ፥ ባልዋም ከሙያው ይልቅ በስብከት እንደሚጠቀም ተናገረ። ሄል የባልዋን ሙያ በጠየቀ ጊዜ፥ ከተሰበሰቡት አንዳንዶቹ ዕቃ ጠጋኝ እንደ ሆነ አስታወቁት። እርስዋም፥ ጠጋኝና ድኃ በመሆኑ እንደ ተናቀና ፍርድ እንዳላገኘ በፊታቸው ሳትፈራ መሰከረች።

በመጨረሻ ሄል ሦስት መንገድ አሳያት፤ ወደ ንጉሡ መጮኽ፥ የምሕረት ደብዳቤ ማስወጣት፥ ወይም የበላይ ፍርድ ቤት በፊተኛው ፍርድ የተደረገውን ስሕተት እንዲመረምር የሚያዝ ጽሑፍ ማግኘት ነው። ይህ ሦስተኛው ወጪው እንደሚያንስ ነገራት። ምክሩ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን በምጽዋት ለምታድር ሴት ወጪው ያነሰውም ከዓቅም በላይ ነበረ። እንዲሁ ነገሩ ሳይመረመር ቀረ፤ ዳኞቹም ሄዱ። ኤልሳቤጥ እያለቀሰች ወጣች። ያለቀሰችው ግን ስለ ራስዋ ብቻ አልነበረም፤ እነዚያ ሰዎች ጌታ በመጣ ጊዜ ለእርሱ ስለሚሰጡት መልስ አስባ ነበረ።

ቡንያን ራሱም ዝም አላለም። በሚቀጥለው ዓመት በ1662 ዓ.ም. ዳኞች በመጡ ጊዜ፥ ስሙ በሚቀርቡት እስረኞች መዝገብ ውስጥ እንዲገባ የወኅኒውን ጠባቂ ለመነ፤ ስሙም ተጻፈ። ዳኛውና የአውራጃው ሹም እንዲጠራ ተስፋ ሰጥተው ነበረ። ነገር ግን ጸሐፊው ኮብ መዝገቡን ለወጠው፥ ጠባቂውንም አስፈራራው፤ ቡንያንም ወደ ችሎት ሳይቀርብ ቀረ። በዳኛው አፍ ያልተዘጋው በር በጸሐፊው ብዕር ተዘጋ።

ሦስት ወር የተባለው እስራት 12 ዓመት ሆነ። ቡንያን ለልጆቹ እንጀራ እንዲሆን በብዙ ደርዘን የሚቈጠር የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ይሸጥ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የምታስጨንቀው ዓይነ ስውርዋ ልጁ ነበረች፤ እርስዋ ትራባለች፥ ትበርዳለች፥ ትለምናለች እያለ ሲያስብ ልቡ ይሰበር ነበረ። ምናልባት አንተም፥ ይህ ሰው ስለ ልጆቹ ሲል ዝም ቢል ምን ነበረበት ትል ይሆናል። እርሱም ይህን ጥያቄ ከአንተ አስቀድሞ ብዙ ሌሊት ጠይቆታል። መልሱ ልጆቹን መናቅ አልነበረም፤ እጁ የሚችለውን ሠራ፥ እጁ የማይደርስበትን ግን የድኃ አደጎችና የመበለቶች ጠባቂ ለሆነው አምላክ ተወ። አባት ለልጁ እንጀራ ያወርሳል፤ ንጹሕ ሕሊናም ያወርሳልና።

በወኅኒ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስና የሰማዕታት ታሪክ ከእርሱ ጋር ነበሩ። አብረውት ለታሰሩት ይሰብክ ነበረ፤ ብዙ መጻሕፍትም ጻፈ። በ1666 ዓ.ም. የታተመው፥ እግዚአብሔር በነፍሱ ያደረገውን የሚተርከው መጽሐፍ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በ1672 ዓ.ም. ንጉሡ የእስራቱን ሕግ በአዋጅ አላላ፤ ቡንያንም ተፈታ፤ በዚያው ዓመት የቤድፎርድ ማኅበር መጋቢ ሆነ። ስሙ የገባበት የምሕረት ደብዳቤ እንዴት እንደ ወጣ ስማ። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ስለ ታሰሩት ወንድሞቻቸው ንጉሡን በለመኑ ጊዜ፥ የሌሎች ማኅበሮች እስረኞችም በዚያው ደብዳቤ እንዲጻፉ ፈቀዱ፤ ቡንያንም ከእነርሱ ጋር ተጻፈ። ቡንያን ግን በ1656 ዓ.ም. ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የእነዚህኑ ሰዎች ትምህርት የሚቃወም ነበረ። ዳኞቹ ያላደረጉለትን የተከራከራቸው ሰዎች አደረጉለት።

በኋላም ለጥቂት ወራት ዳግመኛ ታሰረ። በ1678 ዓ.ም. የክርስቲያንን ጉዞ የሚናገረው መጽሐፍ ታተመ፤ እስከ ዛሬም ከ100 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ይነበባል። በዚያ መጽሐፍ ታማኝ የተባለው መንገደኛ በከንቱነት ገበያ ከተማ በክፉ ዳኛ ፊት ሲቆም የሚያነብ ሰው፥ ጸሐፊው የችሎትን ነገር ከሩቅ እንዳልሰማው ያውቃል። በ1688 ዓ.ም. አባቱ የተቈጣውን ልጅ ከአባቱ ጋር ለማስታረቅ በፈረስ ወደ ሬዲንግ ሄደ፤ አስታርቆ ወደ ለንደን ሲመለስ ዝናም መታው፥ በትኩሳትም ታሞ በነሐሴ ወር ሞተ። የመጨረሻ ሥራው ሁለት ሰዎችን ማስታረቅ ነበረ። ስለ እስራቱና ስለ ኤልሳቤጥ አቤቱታ የጻፈው ታሪክ ግን በ1765 ዓ.ም. ታተመ፤ በስዋን አዳራሽ ያልተሰማው ነገር ከ100 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ሁሉ ተሰማ።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ምን እንማር?

ፊተኛው ነገር፥ ክርስቲያን የተከፈተለትን የሕግ በር ማንኳኳት ይገባዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሎአል፤ ጌታችንም ዳኛውን ስለ ነዘነዘችው መበለት በምሳሌ አስተምሮአል። አቤት ማለት የእምነት ማነስ አይደለም። ኤልሳቤጥ ሦስት ጊዜ ተመልሳ አራተኛ ገብታለች።

ሁለተኛው፥ በአቤቱታህ ውስጥ ሐሰት አታግባ። ነገርህ እውነት ሲሆን በሐሰት ብታስጌጠው፥ ባትፈታ ሁለት ነገር ታጣለህ፤ ብትፈታም ሕሊናህ በወኅኒ ይቀራል።

ሦስተኛው፥ የመለሰህን ዳኛ አትጥላ። እርሱም በበላይ ዳኛ ፊት የሚቆምበት ቀን አለውና ከመርገም ይልቅ እንደ ኤልሳቤጥ አልቅስለት። ከአንተ ጋር በትምህርት የተለየውንም ሰው ፈጽመህ አትራቅ፤ ስምህን በምሕረት ደብዳቤ የሚያስገባው እርሱ ይሆን እንደ ሆነ አታውቅም።

አራተኛው፥ በር ሲዘጋብህ ሥራህን አትተው። እግዚአብሔር እስረኛውን ሁልጊዜ ይፈታዋል ብለን አንነግርህም፤ የኤልሳቤጥ ሕፃን አልተመለሰም፥ 12 ዓመቱም አልተመለሰም። ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት የታሰረ ዘመን ባዶ ዘመን አይደለም።

አሁንም ቃላችን ወደ አንተ ነው፥ ብዕር የያዝህ ተማሪ፥ ነገ ዳኛ ወይም የመዝገብ ጸሐፊ ልትሆን የምትችል። የኤልሳቤጥን ነገር ያጠፋው የትዊስደን ቍጣ ብቻ አይደለም። ሄል ደግ ነበረ፥ አዘነም፥ ሕጉንም ያውቅ ነበረ፤ ኀዘኑ ግን ከአንደበቱ ወደ እጁ አልወረደም። ቼስተር መዝገቡን እንደ ግንብ አቆመው፤ ኮብ ስም ሰረዘ። ከእነርሱ አንዱ እንኳ እስረኛው ይጥፋ ብሎ አልፈረደ ይሆናል፤ ሰውዮው ግን 12 ዓመት ተቀመጠ። ፊልክስም ጳውሎስን አልፈረደበትም፤ ሁለት ዓመት አሳስሮ ተወው እንጂ። ስለዚህ ይህን ዕወቅ፤ ሳይመረምር አቤቱታን የሚመልስ ሰው ከፍርድ የራቀ ይመስለዋል፥ ነገር ግን ፈርዶአል። የድኃው ወረቀት በጠረጴዛህ ላይ በሚያድርበት ሌሊት ሁሉ አንዲት እናት ነቅታ ታድራለች። ሥልጣንህ መፍታት ባይሆን እንኳ፥ አንብበህ ለሚችለው ማድረስ ሥልጣንህ ነው። የሰው ሙያና ልብስ አይተህ ነገሩን አትናቅ።

አቤቱታ የማይመለስበት፥ ስም ከመዝገቡ በሰው እጅ የማይሰረዝበት አንድ ዙፋን አለ። በዚያ ዙፋን ፊት ጠጋኙም ዳኛውም ጸሐፊውም እኩል ይቆማሉ። በዚያም ጠበቃችን ስለ እኛ የሞተው ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። እርሱ ለተበደሉት ትዕግሥትን፥ ለሚፈርዱትም የሚሰማ ጆሮንና የሚሠራ እጅን ይስጥ። አሜን።